ከበሩ ጀርባ ያለው መደብ

እህቶቼ፣ እኛ የቤት ሠራተኞች ስለ ቤት ብዙ እናውቃለን። የትኛው ደረጃ ላይ አቧራ እንደሚጠራቀም፣ የትኛው መስኮት እንደማይገጥም፣ የትኛው ክፍል እንደሚታፈን ባለቤቶቹ ሳያውቁ እኛ እናውቃለን። ግን ስለ ቤት ስንጽፍ አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ናፍቆት ነው፤ እሱም ልክ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ቤት አሠራር ልጽፍላችሁ ነው። ቤቱ ያለው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ድሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፣ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ወደ ኩዌት ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ማንጋፍ ከገባሁ አራት ዓመት ሞላኝ፤ እዚህ ሳጸዳ ስውል ያ ቤት ከሐሳቤ አይጠፋም።

የተወለድኩት ሐረር ነው፣ ግን ከግንቡ ውጪ፣ በሸዋ በር በኩል። ሐረርን ለማታውቁት፣ ጀጎል የሚባለው አሮጌው ከተማ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ርዝመቱ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፤ እኛ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን። ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች አሉ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው ብሏል። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሳልፍ የማየው ግድግዳ ብቻ ነበር። ቤቶቹ ለመንገዱ ፊታቸውን አይሰጡም። በሩ ሲከፈት ነው ግቢው የሚታየው፣ ከግቢው አልፈሽ ስትገቢ ነው ቤቱ የሚታየው።

የአስረኛ ክፍል ውጤቴ መሰናዶ የሚያስገባ አልሆነም። እናቴ ብቻዋን ስለምታሳድገን ሥራ ፈለግሁ፤ አንድ ጎረቤታችን ጀጎል ውስጥ ቱሪስት የሚቀበል ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል ብላ ወሰደችኝ። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው፤ እማማ ነበር የምላቸው። የመጀመሪያው ቀን «አደሬ ቤት ሠርቼ አላውቅም» ስላቸው፣ «ጌይ ጋር በይ» አሉኝ። በሐረሪ ቋንቋ ጌይ ከተማ ነው፣ ጋር ደግሞ ቤት ነው። የከተማው ቤት ማለት ነው።

ቤቱን እንዲህ አስቡት። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ሆኖ በጣም ወፍራም ነው፤ ውጪ ፀሐይ ሲያቃጥል ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጣሪያው እርስ በርስ ተጠጋግቶ የተደረደረ እንጨት ነው። ግድግዳው በኖራ ነጭ ይቀባል። ስትገቢ ያለው ትልቁ ክፍል ግድር ጋር ይባላል። ወንበር የለውም፣ ሶፋ የለውም፣ አልጋ የለውም። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መደብ ነው፤ እነሱ ነደባ ይሉታል። አምስት መደብ አለ፣ ከፍታውም ቦታውም ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል።

እማማ እንደነገሩኝ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ወይም ትልቅ የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ በሩን ያያል፤ የገባም የወጣም አያመልጠውም። ግድር ነደባ ትልቁ ነው፤ ቤተሰብም እንግዳም ሰብሰብ ብሎ የሚጫወትበት። ጢት ነደባ ማለት ትንሹ ነው፣ ለወጣቶቹ። ሱትሪ ነደባ ደግሞ የተሸሸገው ነው፤ ከበሩ ቀጥታ አይታይም፣ ጋደም ለማለት ይመቻል። አምስተኛው ገብቲ ኤሔር ነደባ ነው። እሱ ያለው ከበሩ ጀርባ ነው። አዲስ የመጣ፣ ገና ማን መሆኑ ያልታወቀ፣ ጉዳይ ኖሮት የመጣ ሰው ይቀመጥበታል።

በግድግዳው ላይ እንደ ትንንሽ መስኮት የተቆፈሩ መደርደሪያዎች አሉ። እዚያ ላይ ቁርአን፣ ሻማ ማስቀመጫ፣ አበባ ያለባቸው የብረት ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ይደረደራሉ። ከዚያ በላይና በታች በቀለም ያበዱ የስፌት ሥራዎች ተሰቅለዋል። ስፌቶቹን የሠሩት የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ልጅ ስትዳር ይዛው ትሄዳለች። በየሳምንቱ ሁሉንም አውርጄ፣ አጥቤ፣ ወልውዬ መልሼ እሰቅል ነበር። መጀመሪያ «ምነው ይህን ሁሉ ዕቃ ባይሰቅሉት» እያልኩ አጉረመርም ነበር። ቆይቶ ሳየው ግን ግድግዳው የቤቱ ሴቶች የሥራ ማስረጃ ነው። ወንዶቹ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ግድግዳው ላይ ናቸው።

ከትልቁ ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ከዚያ አይወጡም፤ ምግባቸው በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። ከሷ ቀጥሎ ዴራ አለ፣ ዕቃ ቤት ነው። ላይ ያለው ፎቅ ቀላ ይባላል፤ ድሮ እህልና ዕቃ ይቀመጥበት ነበር፣ በኋላ መኝታ ሆነ። ማዕድ ቤቱ ከግቢው ማዶ ለብቻው ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ እዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ይባላል። እኔ ሳቄ መጣ፤ እኛ ሰፈር ወሬውን የሚያደርሱት ጎረቤቶች ናቸው፣ እዚያ ምንጣፉ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። ወለሉና የመደቦቹ ፊት ቀይ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ እማማ የጨለንቆን ጦርነት ነገሩኝ። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ነው፤ ቀዩ ቀለም ያኔ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሪዎች። የእኔ ቅድመ አያቶች ደግሞ ከምኒልክ ጦር ጋር ከሸዋ መጡ እየተባለ ነው ቤታችን የሚወራው። ጨርቁን በእጄ ይዤ ዝም አልኩ። እማማ ገባቸው መሰለኝ፣ «የምንቀባው እንዳንረሳ ነው እንጂ እንድንጣላ አይደለም፣ ይልቅ ጥጉን በደንብ ወልውዪው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ወለል እንደ ማንኛውም ወለል አልወለወልኩትም።

ታድያ ይህ ቤት እንዴት የእንግዳ ማረፊያ ሆነ? ልጆቻቸው አድገው አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ውጪ አገር ሄዱ። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ኖራው በየጊዜው ካልተቀባ፣ ጣሪያው ካልተጠገነ ዝናብ ያፈርሰዋል። ጅብ ሲመገብ ለማየትና የራምቦ ቤት የሚባለውን ለመጎብኘት የሚመጣ ፈረንጅ ደግሞ የሚያድርበት ይፈልጋል። ጀጎል ውስጥ እንዲህ የሆኑ ቤቶች የተወሰኑ አሉ። እማማም ግቢው ጥግ ላይ መታጠቢያና ሽንት ቤት አሠሩ፣ ቀላው ላይ አልጋ አስገቡ፣ ኪርታቷን ለባልና ሚስት አዘጋጁ። ውኃው ነበር ፈተናው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር ላይ ውኃ ምን እንደነበረ የአገሬ ልጆች ታውቃላችሁ። ፈረንጁ በቀን ሁለቴ ይታጠባል፣ እኔ ጀሪካን እሸከማለሁ።

አንድ ጊዜ ዘመድ መጥቶ ምክር ሰጣቸው። «ይሄ ሳሎን ባዶውን ነው የሚውለው። መደቦቹን አፍርሺና በቺፑድ ሦስት ቦታ ክፈይው፣ ሦስት ክፍል ይወጣዋል፤ በየሌሊቱ የሦስት ክፍል ገንዘብ ነው» አላቸው። ሒሳቡ ትክክል ነበር። እማማም ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ሲልኩኝ ሳንቲም ቆጥረው ነው የሚሰጡኝ። ሦስት ቀን ዝም አሉ። ከዚያ ቡና እያፈላሁ፣ «መደቡ ከሌለ ክፍል ነው፤ ክፍል ደግሞ የትም አለ። ሰው ከባሕር ማዶ ክፍል ለማየት አይመጣም» አሉ። መደቡ ቀረ። እንግዶቹ ሁሉ ጠዋት እዚያ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው ቁርስ የሚበሉት። ገንዘብ የከፈለ ሁሉ አሚር ነደባ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ማንም ተነሥ አይለውም። የሆቴል ነገር እንዲህ ነው፤ ድሮ ለማዕረግ የነበረውን ቦታ ለሁሉ ይከፍታል።

እኔስ የት ነበር የምቀመጠው? መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ቁጢጥ እል ነበር። እማማ አይተውኝ፣ «ምን ሆነሽ ነው መሬት ላይ? ቦታ አለሽ እኮ» ብለው ከበሩ ጀርባ ያለውን መደብ አሳዩኝ። ዝቅተኛው ቦታ ነው፣ አውቃለሁ። ክርስቲያን ነኝ፣ ከግንቡ ውጪ የመጣሁ ነኝ፣ ሠራተኛ ነኝ። ግን ቦታው ከክፍሉ ውጪ አይደለም። ከዚያ ሆኜ ወሬውን እሰማለሁ፣ ቡናው ይደርሰኛል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የማይታወቅ ሰው ይመጣል ብለው አስበው፣ ለሱም ጭቃ አቡክተው መቀመጫ ሠርተውለታል።

ኩዌት ስመጣ የፈለግሁት ይህን ቦታ ነበር መሰለኝ። አሁን የምሠራበት ቤት ሦስት ፎቅ ነው። ዲዋኒያው ለወንዶች እንግዶች ለብቻው በር አለው፣ የሴቶች ሳሎን አለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ክፍል አለ። የእኔ ክፍል መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ኤሲ አላት፣ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል፣ መስኮቷ ወደ ውኃ ጋኑ ነው የሚያየው። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ግን የተኛሁት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነበር፤ መስኮት የለውም፣ በሩም አይቆለፍም። ስድስት ወር ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነበር የምተኛው። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እዚህ አገርም ድሮ ቤቱ እንዲህ አልነበረም። አንድ የእረፍት ቀኔን ከጓደኞቼ ጋር ኩዌት ከተማ ባሕሩ ዳር ያለውን የዲክሰን ቤት ለማየት ሄድን። አንድ የኩዌት ነጋዴ ያሠራው አሮጌ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የእንግሊዝ ወኪል መኖሪያና ቢሮ ሆነ፣ በኋላ የዲክሰን ባልና ሚስት ኖሩበት፣ ሚስትየው እስከ 1990 እዚያው ነበሩ። አሁን ሙዚየም ነው። የድሮው የኩዌት ቤት ከጀጎል ጋር መመሳሰሉ ገረመኝ። ለመንገዱ የሚያሳየው ግድግዳ ነው፣ መሐሉ ላይ ግቢ አለ፣ ክፍሎቹ ወደ ግቢው ይከፈታሉ። ጣሪያውን የሚሸከመው ቻንደል የሚባል ቀጭን ግንድ ነው። በረሃ ውስጥ ግንድ ከየት ይመጣል? ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። ከኬንያና ከታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ እየተቆረጠ በመርከብ ይመጣ ነበር። የክፍሉ ስፋት እንኳን የሚወሰነው በዚያ ግንድ ርዝመት ነበር። እኛ ሳንመጣ በፊት ከእኛ በኩል የመጣ እንጨት የዚህን አገር ጣሪያ ተሸክሞ ኖሯል። ጓደኛዬ «እንጨቱ ኢቃማ ነበረው?» ብላ አሳቀችን።

የቤት ነገር ግን ሁልጊዜ አያስቅም። ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ እዚሁ ማንጋፍ የውጪ አገር ሠራተኞች በሚኖሩበት ሕንፃ የተነሣውን እሳት ሁላችን እናስታውሳለን። ወደ 50 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ክፍሎቹ በቀላሉ በሚቀጣጠል ነገር ተከፋፍለው እንደነበር፣ ወደ ጣሪያ የሚያወጣው በርም ተቆልፎ እንደነበር ተነገረ። ያን ስሰማ የእማማ ዘመድ ያለው ቺፑድ ትዝ አለኝ። ሰው ሲያድርበት ማን እንደሚያድርበት ሳይታሰብ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ ብቻ የተቆጠረ ቤት እንደዚህ ነው የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ አገር ቤት ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የእኛን ክፍል ይመለከታል። እዚህ ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ እንግሊዝ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ትልቋ ልጅ በስልኳ ያረፉበትን ሆቴል አሳየችኝ፤ ገጠር ውስጥ ያለ፣ ድሮ የመኳንንት መኖሪያ የነበረ ትልቅ ቤት ነው። ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል አሳይታኝ፣ «ይቺ የሠራተኞች ነበረች፤ አሁን ግን ውድ ናት» አለች። ከዚያ ወደ ላይ እያየች «ያንቺንም እናከራየው እንዴ?» ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ማታ በስልኬ ስለነዚህ ቤቶች አነበብኩ። ሠራተኛዋ እንዳትታይ ከጀርባ ሌላ ጠባብ ደረጃ ይሠራላት ነበር። ከየክፍሉ ገመድ ሲሳብ ታች ሠራተኞቹ ዘንድ ደወል ይጮኻል። ከጦርነቶቹ በኋላ ሠራተኛ ሲጠፋ፣ ግብሩና ጥገናው ሲከብድ ብዙዎቹ ተሸጡ፣ ፈረሱ፣ ወይም ሆቴል ሆኑ። ክሊቭደን የሚባለው ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሆቴል ነው። ድሮ የአስተር ቤተሰብ ነበር። የቤቱ እመቤት ሌዲ አስተር በእንግሊዝ ፓርላማ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሮዚና ሃሪሰን የምትባል ሴት እሳቸውን 35 ዓመት አገልግላ፣ በ1975 ስለ ሥራዋ መጽሐፍ አሳትማለች። አስቡት፣ የቤት ሠራተኛ ናት። ሌዲዋ ፓርላማ ገቡ፣ እሷ ደግሞ ቤቱን ከጀርባ ደረጃ በኩል ጻፈችው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። ቤት ሲሠራ ሠራተኛዋ የት እንደምትሆን የሚወስን ሰው አለ። እ.ኤ.አ. የ2015 የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ለቤት ሠራተኛ ተገቢ መኖሪያ ማዘጋጀት አለበት ይላል፤ ሥራው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንዲኖር፣ ፓስፖርትም እንዳይያዝ ይደነግጋል። ስለዚህ ስለ ክፍላችሁ ስትናገሩ ቅንጦት እየጠየቃችሁ እንዳይመስላችሁ። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አየር የሚገባበት መስኮት፣ እሳት ቢነሣ የምትወጡበት መንገድ ከዳቦ ቀጥሎ ነው። አዲስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የመውጫውን በርና ቁልፉ የት እንዳለ እዩ።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የራሳችን ነገር ነው። ብዙዎቻችን በምንልከው ገንዘብ አገር ቤት እያሠራን ነው። እኔም እያሠራሁ ነው። ባለፈው ወር ወንድሜ ፕላኑን በስልክ ላከልኝ። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ከጀርባ ደግሞ ሰርቪስ። ሰርቪሱ ውስጥ ማዕድ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ከሁለቱ መሐል «የሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈበት ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል። መስኮት የለውም። ደወልኩለት።

«መስኮቱስ?»

«ምን መስኮት ያስፈልገዋል፣ ለመኝታ ብቻ ነው» አለኝ።

«እኔም ለመኝታ ብቻ ነበር የተባልኩት» አልኩት።

ዝም አለ። ያቺ ክፍል የት እንደተኛሁ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ነገርኩት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ «ሠራተኛ የምንቀጥር ሰዎች ነን እንዴ ልጄ፣ ለማን ነው?» አለች። እኔ እንጃ። ምናልባት እናቴ ስታረጅ የምትረዳት አንዲት ልጅ ከገጠር ትመጣ ይሆናል፣ አስረኛ ክፍል የጨረሰች ወይ ያልጨረሰች። ያቺ ልጅ ገና ስሟ አይታወቅም። ግን ቤቱ አሁን ነው የሚሠራው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ማፍረስ ያስወጣል።

ግንበኛው ለመስኮቱና ክፍሉን ለማስፋት ተጨማሪ ጠየቀ። የሁለት ወር ቁጠባዬን ወሰደብኝ፤ የሳሎኑ ሴራሚክ ይቆይ አልኩ። በሩ ቁልፉ ከውስጥ እንዲሆንም ነግሬዋለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ፣ ሶፋው ከሚቀመጥበት ማዶ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በሲሚንቶ አንድ መደብ ይሠራልኝ ብያለሁ። ወንድሜ «ይሄ ደግሞ የምን ፋሽን ነው?» ብሎ ስቋል፤ እናቴ ግን ገብቷታል መሰለኝ፣ ፍራሹን እኔ እሰፋለሁ ብላለች።

እናንተም ቤት የምታሠሩ እህቶቼ፣ ፕላኑን አስልካችሁ እዩት። ሳሎኑን ብቻ አትዩ፤ ሰርቪሱን አጉልታችሁ እዩት።